አህያ አይሞገስም

ያንን ሰፈር ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰው የጋሽ ስድቡ አፍ ነበር። «አንቺ የማትረቢ፣ ተንቀሳቀሺ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል! አንተ ሌባ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ጎመን ልትበላ ነው? አንቺ ሰነፍ፣ አንቺን የገዛሁበት ቀን ይጥፋ!» እያለ ሦስቱን አህዮቹን አስከትሎ፣ ከኮረብታው ሥር ካለው የአሸዋና የሲሚንቶ መጋዘን ሽቅብ ይወጣል። ሰፈሩ ኮረብታው ላይ የተለጠፈ ነው፤ መንገዱ ደረጃ፣ ደረጃውም ጠባብ ነው። መኪና እታች ካለው የአውቶቡስ ማቆሚያ አያልፍም። ስለዚህ ግድግዳ የሚለስን፣ ጣሪያ የሚቀይር፣ አንድ ክፍል ጨምሮ ለማከራየት ያሰበ ሁሉ ዕቃውን የሚያስጭነው በአህያ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ «ጋሽ ስድቡ» ያለው ማን እንደሆነ ባይታወቅም ስሙ ልክክ ብሎበት ቀረ።

አንዲት አስተማሪ ወደ ሰፈሩ በተከራየች ሰሞን ይህንን ስድብ በመስኮት ሰምታ «ይህ ሰውዬ አረመኔ ነው» ብላ ልትከሰው ተነስታ ነበር። አከራይዋ ሳቁና «ልጄ፣ ከመክሰስሽ በፊት ወርደሽ ጀርባቸውን እይ» አሏት። ወርዳ አየች። የሌላው ነጂ አህያ ጀርባው ገጣባ ነው፤ ቆዳው ተልጦ ዝንብ ይርመሰመስበታል። የጋሽ ስድቡ አህዮች ጀርባ ግን ምንም ጠባሳ የለበትም። ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈው ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል፣ ሰኮናቸው ይጠረባል፣ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ሥር ያርፋሉ፤ እሱ ውኃ የሚጠጣው እነሱ ከጠጡ በኋላ ነው። ሴትዮዋ ግራ ገባት። ግራ ቢገባት አይፈረድባትም፣ የአህያ ነጂዎችን ሕግ አታውቅማ።

ሕጉ አጭር ነው፦ አህያ አይሞገስም። መነሻው ተረት ነው። ጥንት፣ እንስሳት ሁሉ ገና መልካቸውን ሳይከፋፈሉ፣ ከሁሉ ያማረችው አህያ ነበረች አሉ። ጋማዋ መሬት ይጠርጋል፣ ቆዳዋ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ነው፣ ቀንዷ ቅርንጫፍ አለው፣ ድምፅዋ ያስተኛል። ፈረስ መጣና «አቤት ጋማ!» ብሎ አደነቀ፤ በማግስቱ ጋማው እሱ አንገት ላይ ተገኘ። የሜዳ አህያ መጣችና «አቤት ቀለም!» አለች፤ ቀለሙን ይዛው ሄደች። አጋዘን ቀንዱን አወደሰ፣ ወፍ ድምፁን፤ ለአህያ የተረፋት ያ የምታውቁት ማናፋት ነው። መጨረሻ ላይ ጆሮዋ ብቻ ቀረ። ጆሮዋን ማንም አላደነቀውም፤ እንዲያውም ሳቁበት። እሱም የሚነካው አጥቶ ያለ ሐሳብ አደገ፣ አደገና ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ተረቱን እመኑ አትመኑ የናንተ ጉዳይ ነው፤ የሰው ዓይን ከወደደው ነገር ላይ አንድ ነገር ቆርሶ እንደሚሄድ ግን ከአንድ ቤት በላይ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እናም ነጂ አህያዋን ከወደዳት ይሰድባታል። ገበያ ላይ አንዱ ሲሸጥ «ሰነፍ ናት፣ ትራገጣለች፣ እንኳን ጭነት ጥላዋንም አትሸከምም» ካለ ነጂዎች ይሻሙባታል። «ጥሩ አህያ ናት» ካለ ዞር ብለው ይሄዳሉ፤ ወይ አህያዋ ልትሞት ነው፣ ወይ ሰውየው ነጂ አይደለም። ከጋሽ ስድቡ ሦስት አህዮች «የማትረባዋ» ሁለቱን የምትመራ፣ የደንበኛን በር ሳይነግሯት የምታውቅ ናት። «ሌባው» ከእጅ ካልሰጡት ሣር የማይነካ ጨዋ ነው። «ሰነፏ» ደግሞ ሳይጭኗት የዋሉ ቀን ታኮርፋለች።

ሰው ሰውን «አህያ!» ብሎ ሲሰድብ ጋሽ ስድቡን ይገርመዋል። «አህያ አንዴ የወደቀችበትን ጉድጓድ ዕድሜ ልኳን ትዞረዋለች። ሰው ግን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ አህያን ይሳደባል» ይላል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች የሚለው ተረት በተነሳ ቁጥር ደግሞ ደሙ ይፈላል። ሌላው የሚስቅበትን እሱ አይስቅበትም። «አሳድጎ ለወግ ያበቃትን አባቷን ካደችው እኮ!» ይላል፣ በቅሎዋ የእህቱ ልጅ የሆነች ይመስል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደግ ነው። ክፋቱ፣ ጋሽ ስድቡ ሕጉን በረት ውስጥ ትቶ ወደ ቤት አይገባም ነበር። ሚስቱ ውላ አድራ አሥር ቃል የማትናገር ሴት ነበረች፤ «ነዝናዛዋ» ይላታል። ምግብ ስታቀርብለት «ይህን ለሌባው ብሰጠው ይተፋዋል» እያለ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ያጸዳዋል። በታመመች ጊዜ ያልዞረበት ሐኪም ቤት አልነበረም። አልሆነም። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አለ ከቀብር መልስ፣ በራሱ ላይ እየቀለደ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ብዙ ቆየ።

የተረፈችው አንዲት ልጁ «ዝርክርኳ» ትባላለች። ዝርክርኳ የበረቱን ገመዶች ከአጭር እስከ ረጅም ደርድራ የምትሰቅል፣ የጭነት ጨርቆቹን በልክ በልካቸው የምትሰፋ፣ አንድ አህያ በየትኛው እግሯ ላይ ክብደቷን እንደቀነሰች ከሩቅ የምትለይ ልጅ ናት። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ብትፈልግ አላገኘችም፤ እንዲያው ከምትቀመጥ ብላ ከአባቷ ጋር መጫን ጀመረች። ይህ በሆነ በሁለተኛው ዓመት ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጎን የእንስሳት ሕክምና ተከፈተ። ሐኪሟ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ቁጥብና ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ዝርክርኳ አንድ ቀን ሰነፏ ስታነክስባት ወደዚያ ወሰደቻት፤ ሐኪሟ ሰኮናዋን ስትከፍት እግሯን የያዘችው ልጅቷ ናት። ሌላ ቀን የሰው ውሻ ልትይዝ ተጠራች፣ ሌላ ቀን ድመት። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ማታ ከእራት በፊት የምታወራው ሌላ ወሬ ጠፋ። ረዳት እንደሚፈለግና ሐኪሟም እሷን እያሰበች እንደሆነ የሰማች ቀን ፊቷ የበራውን ያህል፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ በርቶ አያውቅም። አባቷ ይህን አይቷል። «አንቺን የቀጠረ ዕዳውን ይቻለው» ብሎ አሳለፈው።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ወደ መጋዘኑ መጣች። ጋሽ ስድቡ የማትረባዋ ላይ ሲሚንቶ እየጫነ ነበር።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ስለ ልጅዎ ልጠይቅዎ ነበር የመጣሁት።»

«የቷ ልጄ? ያቺ ዝርክርክ?»

ሐኪሟ ትንሽ ፈገግ አለች። «እኔ ጋ እንድትሠራ አስቤ ነበር። እጇን ወድጄዋለሁ። ግን የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ እሷ ጋ ነው የሚሆነው። ጠንቃቃ ሰው ያስፈልገኛል። እርስዎ አባቷ ነዎት፣ እንዴት ያዩዋታል?»

ጋሽ ስድቡ ገመዱን ለቆ ቀና አለ። ዶክተር የተባለች ሰው እሱ ድረስ መጥታ፣ በነጂዎቹ ሁሉ ፊት፣ ልጁን ስትጠይቀው! ስለ አንዲት አህያ እንኳ ያን ያህል የሚባል ከሆነ፣ ስለ ልጅማ መቆጠብ ነውር ነው አለ በሆዱ።

«ዶክተር፣ ልምከርዎት?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ዝርክርክ ናት። እንቅልፋም ናት። የያዘችው ይሰበራል፣ የሰጧት ይጠፋል። እንኳን መድኃኒት፣ ውኃ አደራ አይሰጣትም። እኔ አባቷ ሆኜ ነው እንጂ አንድ ቀን የሚችላት የለም።»

ነጂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ነጂ፣ ሽማግሌው፣ በአድናቆት አፏጨ፤ በዚያ መጋዘን እንዲህ ያለ ስድብ ተሰምቶ አያውቅም። ሐኪሟ ግን ፈገግታዋ ጠፋ። «ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ» ብላ ተመለሰች። ጋሽ ስድቡ ያን ቀን ደረጃውን እያንጎራጎረ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ስለማንም ሰው እንደዚያ አሳምሮ ተናግሮ አያውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልጁ በረቱ ደጃፍ ጨርቅ ስታጥብ አገኛት። ቀና ብላ አላየችውም።

«ዶክተሯ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አለችኝ።»

«ሌላ ሰው? ለምን?»

«ምን ብለሃት ነው አባዬ?»

ነገራት። አንዱንም ሳያስቀር፣ እንቅልፋሟንም ውኃውንም፣ ነጂዎቹ እንዴት እንደተያዩና ሽማግሌው እንዴት እንዳፏጨ ጭምር ነገራት። እስክትስቅ ይጠብቅ ነበር። ልጅቷ ጨርቁን ጨመቀችው፣ ዘርግታ ገመዱ ላይ ሰቀለችው፣ ጫፉን አስተካከለችው። «እሺ አባዬ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። በነጋታው ጠዋት ጭነቱን ስታስር አንድ ነገር አልተናገረችም። ቋጠሮዋ እንደወትሮው የማይፈታ ነበር።

ጋሽ ስድቡ ነገሩን አልወደደውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ብስጭቱን ጆንያዎቹ ላይ ተወጣው፤ አንዱን ሲወረውር ቀደደው። ሽማግሌው ነጂ ሻይ ይዞ መጣና ጎኑ ተቀመጠ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ልጅቷ አኮረፈችኝ። እንደዚያ አድርጌ ባሞግሳት፣ ሐኪሟ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ትበላት? ጆሮ የላትም እንዴ?»

ሽማግሌው ሻዩን ፉት አለ። «ሐኪሟ ነጂ ናት እንዴ?»

«አይደለችም።»

«አህያ ሸጣ ገዝታ ታውቃለች?»

«ከየት አምጥታ!»

«ታዲያ ያንተን ስድብ በምን ትረዳው?»

ጋሽ ስድቡ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። ትናንት ጠዋት የተናገረው አንድ በአንድ እየተመለሰ መጣበት፣ አሁን ግን በሐኪሟ ጆሮ ነበር የሚሰማው። «ወይኔ» አለ። «በገዛ አፌ ቀበርኳት በለኛ።»

«ሂድና አውጣት። ሐኪሟ ፊት ቆመህ አመስግናት።»

«ዓይን ቢበላትስ? አንድ ልጅ እኮ ናት ያለችኝ!»

«ዓይን ሳይደርስባት ያንተ አፍ በላት» አለው ሽማግሌው።

ቀን ሙሉ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ምስጋና ተለማመደ። ስድብ በሞላበት አፍ ምስጋና ቦታ አጣ። መጀመሪያ በማትረባዋ ሊጀምር ፈለገ፤ «አንቺ... አንቺ...» ብሎ ቀረ። እሷም ስድቡን ስትጠብቅ ቆማ፣ ሳይመጣ ሲቀር ዞር ብላ አየችው። ነፍስ ያለውን ነገር ማመስገን አስፈራው። ነፍስ በሌለው ይሻላል ብሎ፣ አንድ ግቢ አጠገብ ሲደርስ «ደህና ግድግዳ ነህ» አለ።

ልብስ የምታሰጣ ሴት ከላይ ሰማችው። «ምን አልክ ጋሽ ስድቡ?»

«ግድግዳሽን ነው!»

«ግድግዳዬ ምን ሆነ?»

«ጥሩ ነው! ቆንጆ ነው!»

ሴትዮዋ ከእሱ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ ስለማታውቅ ሊወድቅ ነው መስሏት ልብሱን ጥላ ወረደችና ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ ዳሰሰችው።

ሥራ ሲያልቅ ልጁን «ሰነፏ እግሯን እንደገና ትታይልኝ፣ አምጫት» አላትና ቀድሟት ወደ ሕክምናው ገባ። ክፍሉ የመድኃኒት ሽታ ይሸታል። መሐል ላይ የብረት ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ አንገቷ በፋሻ የተጠቀለለ ድመት የተኛችበት ሳጥን፣ ከግድግዳው ጋር የተቆለፈ የመስታወት ቁም ሣጥን አለ። ሐኪሟ እጇን እየታጠበች ነበር። ጋሽ ስድቡ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ምን ላይ እንደሚያስቀምጠው ጠፋውና መልሶ ያዘው።

«ዶክተር፣ ትናንት የነገርኩዎት ሁሉ ውሸት ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። እኛ አህያ ነጂዎች የምንወደውን አናሞግስም። ዓይን እንፈራለን። ሞኞች ናችሁ ይበሉን፣ ግድ የለም። ያቺ ዝር...» ቆመ። ላቡን ጠረገ። «ልጄ... ልጄ ጎበዝ ናት።»

ጣሪያው አልወደቀም። ድመቷም አልነቃችም። ከዚያ በኋላ ያለው፣ በሩ አንዴ የተከፈተ ይመስል፣ ተከታትሎ መጣ።

«እናቷ ስትታመም ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። መድኃኒቱ ብዙ ነበር፣ የጠዋቱ ሌላ፣ የማታው ሌላ። እኔ ጠርሙሱን ከጠርሙሱ አለየውም። እሷ አንድ ቀን አልተሳሳተችም፤ ደክሟት እንኳ አልተሳሳተችም። ሰው የአህዮቼን ጀርባ እያየ እኔን ያደንቀኛል፤ ጨርቁን የምትሰፋው፣ የምታጥበው፣ ቁስል ሳይወጣ የምታየው እሷ ናት። ቁልፉን ይስጧት። ነፍሷን ትሰጣለች እንጂ አደራ አትበላም።»

ሐኪሟ እጇን በፎጣ አደረቀች፤ ቸኩላ አልመለሰችለትም። «ይህን ትናንት ቢነግሩኝ ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ባላናገርኩ» አለች። «ግን ገና ቃል አልገባሁም። ሰኞ ትምጣና ትሞክር። ከዚያ በኋላ በሥራዋ ነው የማያት፣ በእርስዎ አፍ አይደለም።»

ዞር ሲል ልጁ የሰነፏን ገመድ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላወቀም። «ሰኞ እመጣለሁ ዶክተር» አለች ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ፤ ከዚያ ወጣች።

ጋሽ ስድቡ ከኋላዋ ደረጃውን ሲወጣ ከትከሻው ላይ አንድ ኩንታል የወረደለት መሰለው። ሰበርኩ፣ ጠገንኩ፣ አለቀ ብሎ አሰበ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጅቷ መሐል ደረጃ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ የእውነትህን ነው?»

«የምኑን?»

«እዚያ ያልከውን።»

«ታዲያስ! ዛሬ ነው እንዴ የምታውቂው? አንቺ የነጂ ልጅ አይደለሽም?»

«ስድብህ ለአህዮቹ ሙገሳ መሆኑን አውቅ ነበር» አለች። «እነሱን ስትሰድብ አንገታቸውን ታሻለህ፣ ጆሯቸውን ታካለህ። እኔ ጋ ሲመጣ ስድቡ ብቻ ነው የሚደርሰኝ።» ገመዱን እጇ ላይ ጠቀለለችው። «ዶክተሯን አንተ ጋ የላክኋት እኔ ነኝ። እሷ ስለ እኔ ሌላ ሰው ልጠይቅ ብላ ነበር። ለእኔ የማትለውን ለእሷ ትላት ይሆናል ብዬ ነው።»

ተሳድቦ እንዳያመልጥ ስድብ የለም፤ ምስጋናው ደግሞ እንደዚያ በስንት ላብ የወጣ፣ ገና አንድ ቀን ያልሞላው ነበር። አፈረ። ከዕፍረቱም በላይ ፈራ፤ ምክንያቱም ወዲያው ሚስቱ ትዝ አለችው።

«እናትሽ ግን ታውቅ ነበር» አለ በችኮላ። «እሷ ታውቅ ነበር። የመጨረሻዋ ቀን 'አንቺ ነዝናዛ፣ ተነሺ እንጂ፣ ቤቱን ጭር አታድርጊው' ስላት ፈገግ ብላለች። አንቺም እዚያው ነበርሽ፣ አይተሻል። ገብቷት ነው ፈገግ ያለችው። አይደል?»

ልጅቷ አባቷን አየችው። ልትዋሽለት ትችል ነበር፤ ለመዋሸትም አሰበች። የአባቷ ዓይን እንደዚያ ሲለምን አይታው አታውቅም።

«እንጃ አባዬ» አለችው ቀስ ብላ። «እኔም እኮ ስትሰድበኝ ፈገግ እል ነበር።»